አለቃ ገብረ ሐናና የጨዋታቸው ዋጋ

ወደ መርካቶ ወርዶ የተገበያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም በዚያ ገበያ ከዕቃው ዋጋ አስቀድሞ የሚቀርበው ጨዋታ መሆኑ ነው። በሸማ ተራ ነጋዴው ነጠላውን ከመዘርጋቱ በፊት እንግዳውን እንደ ቆየ ዘመድ ይቀበለዋል፤ ባልቴቲቱን እናቴ፥ ጎልማሳውን ጋሼ፥ ልጅቱን እኅቴ እያለ ያቀርባል። በበርበሬ ተራ የሚሸጡት ሴቶች የገዢዋን ፊት አይተው፥ የሚያሥቅ ነገር ጣል አድርገው፥ ዋጋውን ከሳቁ በኋላ ይናገራሉ። ገዢዋም ብልህ ከሆነች ዋጋው እንደ ከበዳት በቁጣ አትገልጽም፤ በቀልድ መልሳ ታስቀንሳለች እንጂ። ደላላው ደግሞ በሻጭና በገዢ መካከል ቆሞ አንዱን እያሣቀ ሁለተኛውን እያለዘበ ያስማማል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ሁሉ ተጫዋች ሆነው የተፈጠሩ አይደሉም፤ ከእነርሱ መካከል ቤቱ ሲገባ ቃል የማይወጣው ሞልቶአል። ነገር ግን እንግዳ ከእንግዳ ጋራ በሚገናኝበት፥ የአንዱ ትርፍ የሌላው ጉዳት በሚመስልበት ስፍራ፥ ሳቅ የማያውቁትን ሰው ለጥቂት ጊዜ ዘመድ እንደሚያደርግ ኑሮ አስተምሮአቸዋል።

በዚህ ገበያ ነገር ዐዋቂ ሰው በተገኘ ጊዜ ከአለቃ ገብረ ሐና ጋራ ይነጻጸራል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ በየሱቁ ደጃፍ ከሚወሩት ጨዋታዎችም ብዙዎቹ በእርሳቸው ስም የሚነገሩ ናቸው። አለቃ ግን መርካቶን አላዩትም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የዐዲስ አበባ ገበያ የሚቆመው በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት ከተማይቱን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘበት ጊዜ፥ ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ የሀገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ መርካቶ የሚለውም ስም ከኢጣልያንኛ የቀረ ነው። በዚያን ጊዜ አለቃ ካረፉ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር። ይሁን እንጂ ገበያው ሲዛወር ጨዋታውም አብሮ ተዛወረ። ነገር ፈጣሪ፥ ሰው አያያዝ ዐዋቂ የሆነውን ሰው ሕዝቡ እስከ ዛሬ አራዳ ብሎ መጥራቱ ከዚያ ከቀድሞው የገበያ ሰፈር የተወረሰ ነው፤ የገበያው ስም የጠባይ ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

እኛም የአለቃን ሕይወት በዚህ ገጽ ለመተረክ የተነሣነው አንባቢዎቻችንን ለማሣቅ አይደለም። የሚያሥቀውን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው፤ ከእርሱም የሚበዛው በእንዲህ ያለ መጽሔት ላይ ሊጻፍ የማይገባው ነው። ልንመረምረው የፈለግነው፥ አንድ ታላቅ ሊቅ ጨዋታን መሣሪያ አድርጎ በነገሥታትና በመኳንንት መካከል በኖረ ጊዜ ያ መሣሪያ ምን እንዳተረፈለትና ምን እንዳስከፈለው ነው።

አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በፎገራ፥ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባለው ስፍራ ነው። ፎገራ በከብቱ የታወቀ፥ ክረምት ሲሆን ውኃ የሚተኛበት ሰፊ ሜዳ ነው። እንደ ዘመኑ ልማድ ትምህርት ፈልገው ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው የተማሪን ኑሮ ኖሩ። የዚያን ዘመን ተማሪ ኑሮ ለማያውቅ ሰው የአለቃ ጠባይ ከወዴት እንደ መጣ አይገለጥለትም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በየደጁ ቆሞ ስለ እመቤታችን ስም ይለምናል። ውሻ ይነክሰዋል፤ አንዳንዲቱ የቤት እመቤት ትቆጣዋለች፤ አንዳንዲቱም ትራራለታለች። ከየቤቱ ያገኘውን ቍራሽ ይዞ ወደ ጎጆው የሚመለስ ይህ ልጅ ሁለት ነገር በቶሎ ይማራል፤ አንደኛው የሰውን ፊት ማንበብ ነው፤ ሁለተኛው በቃል አጠቃቀም የቍጡን ልብ ማራራት ነው። ልመናው ራሱ ትምህርት ቤት ነበር። ነገር ዐዋቂ የሆኑ ሊቃውንት ከዚህ ኑሮ መውጣታቸው ሊያስገርመን አይገባም።

በዚህ ላይ ቅኔ ተጨመረ። የቅኔ ቤት ተማሪ በየቀኑ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ አዲስ ቅኔ መቍጠር አለበት፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ቅኔውም ሰምና ወርቅ ይኖረዋል፤ ላይ ላዩን አንድ ነገር እየተናገረ ከውስጥ ሌላ ነገር ያዘለ ይሆናል። ይህ ዘዴ ለእግዚአብሔር ምስጋና ምሥጢርን ለመሰወር የሚያገለግለውን ያህል፥ በንጉሥ ፊት እውነትን ለመሸፈንም አገልግሎአል። ሊቁ በቤተ መቅደስ ቆሞ ንጉሡን የሚያመሰግን ቅኔ ይዘርፋል፤ ምስጋናው ሰሙ ነው፤ በወርቁ ግን ተግሣጽ አለበት። ንጉሡ ቢገባው በልቡ ይይዘዋል፤ ሊቆጣ ቢፈልግም በምስጋና ላይ የሚቆጣ ሰው ለመምሰል ስለማይወድ ይታገሣል። እንግዲህ አለቃ ገብረ ሐና በአደባባይ ያደርጉት የነበረው ጨዋታ በቅኔ ማኅሌት የተማሩት ጥበብ ከግእዝ ወደ አማርኛ፥ ከመቅደስ ወደ ግብር አዳራሽ ሲወርድ የሚታይ ነው። በየመንገዱ የሚቀልድ ሰው ሁሉ አለቃን መስያለሁ ብሎ እንዳይታለል ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ከአንዲት የእርሳቸው ቃል በስተኋላ የብዙ ዓመት ትምህርት ነበረ።

ትምህርታቸውን አብዝተው፥ በቅኔም፥ በመጻሕፍት ትርጓሜም፥ በፍትሐ ነገሥትም፥ በአቋቋምም የተመሰገኑ ሆነው በጎንደር ኖሩ። በዚያች ከተማ ከነበሩት አድባራት አንዱ በአቋቋም ትምህርት የታወቀው በዓታ ነው፤ አለቃም በዚያ አገልግለዋል። አለቅነት የማዕርግ ስም ብቻ አይደለም፤ ደብርን ማስተዳደር፥ በካህናት መካከል የሚነሣውን ክርክር መፍረድ፥ ከገዢዎች ጋራ ስለ ደብሩ ርስት መነጋገር ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ቢቆጣም ቢለምንም የማይሆንለት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ከሦስተኛው መንገድ በቀር ሌላ የለውም።

ይህ መንገድ ሁልጊዜ የሚያዋጣ ግን አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ለሠራዊታቸው ስንቅና መሬት በፈለጉ ጊዜ ዐይናቸውን በቤተ ክርስቲያን ርስት ላይ ጣሉ፤ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብለው የተረፈውን መሬት ለገባር ሰጡ። ከካህናቱ ጋራ የነበራቸው ጠብ ከዓመት ወደ ዓመት እየበረታ ሄዶ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን እስከ ማስዘረፍና እስከ ማቃጠል አደረሳቸው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፥ ንጉሠ ነገሥቱ የአለቃን ዕውቀት ሲያከብሩ ቀልዳቸውን ግን አይወዱም ነበር፤ አለቃም ከጎንደር ወጥተው በጣና ሐይቅ ደሴት ገዳም ተቀመጡ። የታሪኩን ዝርዝር ትተን ነገሩን ብናስበው እውነትነት አለው። ጨዋታ ሊሠራ የሚችለው ሰሚው ለመሣቅ ፋታ ሲኖረው ነው። አንድ ሐሳብ ብቻ በልቡ የሚነድድበት፥ ሀገርን በሰይፍ አንድ ለማድረግ የተነሣ ሰው፥ ቀልድን የሚሰማው እንደ መዘግየት ወይም እንደ ንቀት ነው። የመርካቶ ነጋዴም ይህን ያውቃል፤ ልጁ ታሞበት መድኃኒት ሊገዛ ለሚሮጥ ሰው ማንም አይቀልድበትም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1879 ዓ.ም. ዐዲስ አበባ ተቈርቍራ ነበር። የእርሳቸው ቤተ መንግሥት የንግግር ቤት ነበር። ከየአውራጃው የመጡ መኳንንት፥ የገቡና ያልገቡ ባላባቶች፥ ከውጭ ሀገር የመጡ መልእክተኞችና ነጋዴዎች በአንድ ግቢ ይገናኙ ነበር። በግብር ቀን በሺህ የሚቈጠር ሰው በማዕርጉ ተራ ይቀመጣል፤ ማን በማን ላይ እንደሚቀመጥ ብዙ ጠብ የሚያስነሣ ነገር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በትዕግሥትና በማግባባት የታወቁ ስለ ነበሩ ተጫዋችን ሰው ይወድዱ ነበር። ለአለቃ ገብረ ሐና ከዚህ የተሻለ ስፍራ ሊገኝ አይችልም። በስማቸው ከሚነገሩት ታሪኮች እጅግ የሚበዙት በዚህ ግቢ፥ በምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ፊት የሚሆኑ ናቸው።

የእነዚህን ታሪኮች አሠራር ጥቂት እንመልከት። ከታወቁት አንዱ በአንድ ቤት ተጋብዘው የቀረበላቸው ወጥ ሥጋ ያልታየበት ስለ ሆነ፥ አለቃ ተነሥተው ልብሳቸውን ማውለቅ መጀመራቸውን፥ ምን ሊያደርጉ እንደ ሆነ በተጠየቁም ጊዜ ወጡ ውስጥ ገብተው እየዋኙ ሥጋ ሊፈልጉ መሆኑን መናገራቸውን የሚያወራው ነው። ሀገራችን እንግዳን የምታከብር ሀገር ናት፤ እንግዳም በቀረበለት ምግብ ላይ ነውር ሊያወጣ አይችልም። አለቃ ስስታቸውን በቀጥታ ቢናገሩባቸው ባለቤቶቹ ይዋረዳሉ፥ እርሳቸውም ስድ ይባላሉ። በቀልድ ሲናገሩ ግን ስስቱ ተገለጠ፤ ሁሉም ሣቀ፤ ባለቤቶቹም ከሣቂዎቹ ጋራ የመሣቅ ዕድል አገኙ። የጨዋታ ኃይሉ ይህ ነው፤ ለተወቃሹ የሚሸሽበትን በር ክፍት ይተውለታል። የተቈጣ ሰው በሩን ዘግቶ ይመታል፤ ተጫዋች ሰው ግን ወቀሳውን ከነመውጫው ይሰጣል።

ይህን ጥበብ ቅዱሳት መጻሕፍትም ያውቁታል። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ስለ ኦርዮ ሚስት በገሠጸው ጊዜ ክሱን አላስቀደመም፤ ስለ አንዲት የድኻ በግ ታሪክ ነገረው፤ ንጉሡም ሳያውቀው በራሱ ላይ ፈረደ። አቢግያም ዳዊት ባሏን ናባልን ሊያጠፋ በሰይፍ ሲመጣ፥ ስንቅ አስጭና መንገድ ላይ ተገናኝታ በለዘበ ንግግር ቍጣውን መለሰችው፤ በንግግሯም መካከል የባሏን ስም ትርጕም አንሥታ ስንፍናው እንደ ስሙ መሆኑን ሳትሸሽግ ተናገረች። ሣራ ስትሥቅ በተሰጣት ተስፋ የተወለደው ልጅ ይሥሐቅ መባሉም፥ ትርጕሙ ሳቅ መሆኑም፥ ሳቅ ከእግዚአብሔር ሰዎች ቤት የተባረረ እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ ንግግራችን በጨው የተቀመመ እንዲሆን ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ፥ ዋዛና ፈዛዛ እንዳይኖርብን ለኤፌሶን ሰዎች ጽፎአል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችው መንገድ ጠባብ ናት፤ አለቃ ገብረ ሐና ዕድሜያቸውን በሙሉ የተመላለሱባት እርሷ ናት።

ወደ ሌላው ወገን እንመለስ። ከሚነገሩት መካከል አለቃ አህያ የምትነዳ ሴት በመንገድ አግኝተው፥ አንዲት ሴት ሆና ሳለች እንደ ብዙ ሰው ቈጥረው ከአህዮቿ ጋራ ሰላምታ እንደ ሰጧት የሚተርክ አለ። ብዙ ሰው ይሥቅበታል። ነገር ግን ይህን ከፊተኛው ጋራ ብናመዛዝነው ልዩነቱ ይታየናል። በፊተኛው ጨዋታ ከባለጸጋ ማዕድ ፊት የተቀመጠ እንግዳ ስስትን ነቀፈ፤ በሁለተኛው ግን የተማረ ሰው በመንገድ የምትደክም ሴትን ያለ በደሏ ከእንስሳ ጋራ ቈጠራት። ያው ምላስ ነው፤ ያው ብልኀት ነው፤ ወደ ላይ ሲወረወር ሌላ፥ ወደ ታች ሲወረወር ሌላ ነው። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ሴቲቱን የሚያስቡአት አይመስለንም። በመርካቶም ቢሆን ነጋዴው ከእርሱ ጋራ ከሚወዳደረው ነጋዴ ጋራ ሲቀልድ ጨዋታ ይሆናል፤ ሸክም አጐብጦት በሚያልፈው ወዛደር ላይ ሲቀልድ ግን የሚሥቁት አጠገቡ ያሉት ብቻ ናቸው።

እንደዚሁም ከታላላቆች ጋራ የሚደረግ ጨዋታ ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያውቀውም ታላቁ ሰው ብቻ ነው። እቴጌ ጣይቱ የተማሩ፥ ክብራቸውን ዐዋቂ፥ በቀላሉ የማይደፈሩ ሴት ነበሩ። አለቃ በቀልዳቸው እቴጌን አስቀይመው ከቤተ መንግሥት መራቃቸውን ትውፊቱ አጥብቆ ይናገራል። በዚህም ላይ ፊታቸውን እንዳያሳዩ ስለ ታዘዙ ጀርባቸውን ሰጥተው በመቆም ትእዛዙን እንደ ፈጸሙ የሚያወራ ጨዋታ ተጨምሮበታል። ይህ ዐይነቱ ታሪክ ግን በሌላም ሀገር በሌላም ሰው ስም ይነገራል፤ ቱርኮች በነስረዲን ሆጃ፥ ህንዶችም በአክበር ንጉሥ አማካሪ በቢርባል ስም የሚያወሩአቸው ጨዋታዎች ከእኛ ጋራ የሚመሳሰሉ ብዙ ናቸው። ሕዝብ አንድ ሰው በጨዋታ መታወቁን ካየ፥ ባለቤት ያጣውን ቀልድ ሁሉ አምጥቶ ከእርሱ ደጅ ይጥላል። ስለዚህ በአለቃ ስም የሚነገረው ሁሉ የአለቃ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሊቁን ይበድላል። ከእርሳቸው ዘመን በኋላ የተፈጠረ፥ ጨዋነት የጐደለው ብዙ ነገር ተጭኖባቸዋል፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ እንኳ ከዚህ ሸክም አላመለጡም።

ጨዋታው ያስከፈላቸው ትልቁ ዋጋ ግን ከቤተ መንግሥት መራቅ አይደለም። ከቤተ መንግሥት የሚርቅ ብዙ ሰው አለ፤ ይመለሳልም። የእርሳቸው ዋጋ የተከፈለው በማኅሌት ነው።

ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ ሲወርድ የመጣው ዜማ በአቋቋም ይፈጸማል። ካህናቱ በሁለት ወገን ቆመው፥ መቋሚያቸውን ይዘው፥ በዝማሜ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከዚያም ጸናጽልና ከበሮ ይገባል፤ ከቁም ዝማሜ ወደ መረግድ፥ ከመረግድ ወደ ጽፋት እየፈጠነ ይሄዳል። ይህን ሥርዓት ጠንቅቀው ያወቁት አለቃ ገብረ ሐና በጣና ዳር በተቀመጡ ጊዜ የሐይቁ ማዕበል ወደ ዳር እየመጣ ሲመለስ፥ በዳርቻው ያለው ሸንበቆም በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲያዘነብል አዩ። ከዚያም የመቋሚያውን አካሄድና የሰውነትን እንቅስቃሴ ከዚህ ጋራ አስማምተው አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ፤ ትውፊቱ እንዲህ ይላል። ሰው ሁሉ ለቀልድ ብቻ የሚያስታውሳቸው እኒህ ሊቅ በውኃ ዳር ተቀምጠው ማዕበልን ሲመለከቱ የቆዩበትን ሰዓት ልናስብ ይገባናል። በዚያ ሰዓት የሚያሥቁት ሰው አልነበረም።

ይህንንም ስልት ወደ ጎንደር ሊቃውንት ባቀረቡት ጊዜ አልተቀበሉአቸውም። የጎንደር ሊቃውንት ሥርዓት ጠባቂዎች ነበሩ፤ ከአባቶች የተረከቡትን ያለ መጨመርና ያለ መቀነስ ማስተላለፍን እንደ አደራ ይቈጥሩ ነበር፤ ስለዚህ አዲስ ነገርን መጠርጠራቸው የሚያስነቅፋቸው አይደለም። ነገር ግን እኛ እንደምናስበው ሌላም ምክንያት ሳይኖር አይቀርም። ዕድሜውን በሙሉ ሲያሥቅ የኖረ ሰው አንድ ቀን ፊቱን አጥቍሮ አዲስ ዝማሜ አመጣሁ ቢል፥ ሰሚው መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገሩ እውነት መሆኑን ወይም ቀልድ መሆኑን ነው። በማዕድ ቤት ሰውን ለማግባባት የጠቀማቸው ስም በማኅሌት እንቅፋት ሆነባቸው። የእርሳቸው ሰም እጅግ ወፍራም ስለ ነበረ ወርቁን የሚፈልግ አልተገኘም ብንል አልተሳሳትንም።

አለቃ በዚህ ጊዜ ያደረጉት ነገር ከተነገሩላቸው ጨዋታዎች ሁሉ የሚበልጥ ብልኀት ይመስለናል። ከሊቃውንቱ ጋራ አልተከራከሩም፤ በቀልድም አልገጠሙአቸውም፤ እንዲህ ያለውን ጠብ በቀልድ ማሸነፍ ሥራቸውን ለዘወትር እንደሚገድለው ሳያውቁት አልቀሩም። ልጃቸውን ተክሌን ወስደው ያን ስልት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተማሩት። ተክሌ የአባቱን ያህል በቀልድ የታወቀ አልነበረም። ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር እንዲሄድ መከሩት። ደብረ ታቦር ከጎንደር በስተ ደቡብ፥ ከፎገራ ሜዳ በላይ ባለው ደጋ ላይ ያለች፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማቸው አድርገዋት የነበረች፥ ሊቃውንትም የነበሩባት ስፍራ ናት፤ እንደ ጎንደር ግን የብዙ ዘመን የአቋቋም ሥርዓት ጠባቂነት አልከበደባትም። በዚያ የነበሩ ካህናት ስልቱን ከወጣቱ ተቀበሉ። ደቀ መዛሙርት መጡ፤ ተምረውም ወደየሀገራቸው ተበተኑ። ልጁ ከአባቱ የተቀበለውን ሲያስተምር ኖሮ አለቃ ተክሌ ተባለ።

ስለዚህ ያ አቋቋም ዛሬ የሚጠራው በፈጣሪው ስም አይደለም። ተክሌ ይባላል። የትምህርቱም ማስመስከሪያ እስከ ዛሬ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው፤ ከጎንደሩ ከበዓታ አቋቋም ጋራ ጐን ለጐን ቆሞ በሀገሪቱ ልዩ ልዩ አድባራት ይሰማል። ዐዲስ አበባ ውስጥ በጥምቀት በዓል ካህናቱ ታቦታቱን አጅበው ሲሄዱ፥ መቋሚያው በአንድነት ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብልና ሲመለስ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ከመርካቶም ሱቁን ዘግቶ፥ ነጠላውን አጣፍቶ የሚከተል ነጋዴ አለ፤ ትናንት በሱቁ ደጃፍ በአለቃ ገብረ ሐና ስም ሲያሥቅ የዋለው እርሱ ሊሆን ይችላል። በፊቱ ያለው ዝማሜ የማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ የተክሌ ነው ብሎ ይመልሳል፤ የተክሌ አባት ማን እንደ ሆኑ ግን የሚጠይቀው ሰው የለም።